የፈጠነ ኔትወርክ ለካምፓችን ገበያ ምን ይጠቅማል?

ስለ ሞባይል ኔትወርክ ፍጥነት ሲወራ ለብዙዎቻችን የሚታየን ወጣቱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ፊልም ሲያይ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ካኩማ ከናይሮቢ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የጉዞ ፈቃድ ማግኘትም ቀላል ሆኖልን አያውቅም። እግራችን የማይደርስበት ስልካችን ስለሚደርስልን፣ ለእኛ የኔትወርክ ጉዳይ የመንገድ ጉዳይ ነው።

ኤምፔሳ በኬንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ፈጣን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ተራ ቀፎ ይበቃዋል። እንዲያም ሆኖ ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ አገልግሎቱ ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶ ያህሉን ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። በካምፓችንም በ2015 የተጀመረው ባምባ ቻኩላ የራሽኑን ከፊል በስልክ ስላደረገው፣ ስደተኛው ከሠፈሩ ሱቅ መርጦ ገዝቷል፤ ነጋዴውም ገበያ አግኝቷል።

ታዲያ ፍጥነት ምን ይጨምራል? ዘገምተኛው ኔትወርክ ገንዘብና መልእክት ካደረሰ፣ ፈጣኑ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ያደርሳል። ባለሱቁ ዕቃው ናይሮቢ ላይ ከመጫኑ በፊት በፎቶ አይቶ፣ ዋጋ አወዳድሮ ያዝዛል። ያልፈለገው ዕቃ መጥቶ ይመለስ ቢባል እኮ የመኪናው ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል! ሞባይል የሚጠግነውም ያልለመደው ብልሽት ሲገጥመው ቪዲዮ ከፍቶ ይማራል። ኮምፒውተር የተማረው ወጣት ሥራ በኢንተርኔት ተቀብሎ ሠርቶ ይልካል፤ መስመሩ ከተቋረጠበት ግን ሥራውም ክፍያውም ይቀርበታል።

እስከ 2009 ድረስ ኬንያ ከውጭው ዓለም ጋር በኢንተርኔት የምትገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ስለነበር ውድም ዘገምተኛም ነበር። በዚያው ዓመት ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች ሞምባሳ ገቡ፤ በ2014 ደግሞ 4ጂ ተከተለ። ይሁንና የአንድ አንቴና አቅም ለተጠቃሚው ሁሉ የሚካፈል ነው። ማታ ማታ ሁሉም ሲከፍት የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ሕዝብ በበዛበት ካምፕ አንቴና ካልተጨመረ፣ ስልኩ ላይ 4ጂ የሚል ጽሑፍ ማየቱ ብቻ ምን ይፈይዳል?

ሌላም አለ። ሲም ካርድ የሚመዘገበው በመታወቂያ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ሲነግድ፣ ባለስሙ አንድ ቀን መስመሩን ቢያዘጋበት ገንዘቡ የራሱ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ ያቀርባል? የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር መብት ሰጥቷል። ዛሬ ደግሞ ንግድ ያለ ስልክ አይሆንም።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የምናቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ አንቴና ይጨመር፣ መታወቂያም ሳይጓተት ይሰጥ። አንዱ ያለ ሌላው አይጠቅመንም። እናንተም ወገኖቻችን፣ መታወቂያችሁ ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ፤ የምትነግዱበትን ሲም በራሳችሁ ስም አድርጉ።