ፍርድ ከሕዝብ መካከል፦ ጁሪ ምንድን ነው? ፋይዳውስ?

“በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ የሚፈስ ውኃም ይቆማል” የሚለው አባባል ሕዝባችን ለፍትሕ የሚሰጠውን ክብር ያሳያል። ይሁን እንጂ ሕግ በራሱ አፍ የለውም፤ በሰዎች ጉዳይ ላይ የሚያውለው ፈራጅ ይፈልጋል። ያ ፈራጅ ማን ሊኾን ይገባል? ሕግ የተማረው ዳኛ ብቻ ነው? ወይስ አራሹ፣ ነጋዴውና መምህሯም የፍርዱ ተካፋይ መኾን አለባቸው?

ሀገራት ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ እና የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት በወረሱ በርካታ ሀገራት ከባድ የወንጀል ክስ ሲቀርብ ተከሳሹ ጥፋተኛ መኾን አለመኾኑን የሚወስኑት ከነዋሪው መካከል በዕጣ የተጠሩ ተራ ሰዎች ናቸው። ይህ የፈራጆች ስብስብ ጁሪ ይባላል።

የዳኛው ድርሻ እና የጁሪው ድርሻ

የጁሪን ሥራ ለመረዳት በማንኛውም ክስ ውስጥ ያሉ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው፤ ምን ተፈጸመ? ማን ፈጸመው? ሁለተኛው የሕግ ጥያቄ ነው፤ ድርጊቱ በሕግ ወንጀል ነው? ቅጣቱስ ምን ያህል ነው?

ለምሳሌ በእንግሊዝ ገጠር አንድ ገበሬ የጎረቤቱን የድርቆሽ ክምር ኾን ብሎ አቃጥሏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ጉዳዩም ጁሪ በሚሰየምበት ችሎት ቀረበ እንበል። ሕጉ “ኾን ብሎ ማቃጠል” ሲል ምን ማለቱ እንደኾነ የሚያስረዳው ዳኛው ነው። የትኛው ማስረጃ ሊሰማ እንደሚገባ የሚወስነውም እርሱ ነው። ሌሊት ከሩቅ አየሁት ያለውን ምስክር ማመን ይገባል ወይስ አይገባም? እሳቱ የተነሣው በክፋት ነው ወይስ በድንገት? እነዚህን የሚመዝኑት ግን 12 የጁሪ አባላት ናቸው። ጥፋተኛ ነው ካሉ ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛው ነው፤ አይደለም ካሉ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል።

በእንግሊዝ የጁሪ አባላት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 75 ዓመት ከኾነ ነዋሪዎች መካከል ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ይለያሉ። የሕግ ዕውቀት አይጠየቁም። በችሎት የሰሙትን ብቻ ይዘው እንዲፈርዱ ይገደዳሉ፤ ስለ ጉዳዩ በስልካቸው ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉ ራሳቸው በወንጀል ይጠየቃሉ። ምክንያቱም ተከሳሹ ባልሰማው ነገር ላይ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ክርክሩ ሲያበቃ ለብቻቸው በተዘጋ ክፍል ይመክራሉ፤ ዳኛውም ኾነ ዐቃቤ ሕጉ አይገቡም። የተባባሉት ነገር ከዚያ በኋላም ምስጢር ኾኖ ይቀራል። በመጀመሪያ በአንድ ድምፅ እንዲወስኑ ይጠየቃሉ፤ ብዙ መክረው ካልተስማሙ ግን ዳኛው ከ12ቱ የ10ሩን ውሳኔ ሊቀበል ይችላል። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት የሁሉም ስምምነት የግድ እንደኾነ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ2020 ወስኗል።

ይህ ማለት ግን ክስ ሁሉ ወደ ጁሪ ይሄዳል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ ቀላል ወንጀሎች፣ ማለትም አብዛኞቹ ክሶች፣ ያለ ጁሪ ይታያሉ።

ጁሪ እንዲከበር ያደረገው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ በ1670 ዊሊያም ፔን እና ዊሊያም ሚድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በለንደን ጎዳና ላይ በመስበካቸው ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርጋችኋል ተብለው ተከሰሱ። ዳኞቹ የጥፋተኝነት ፍርድ ይጠብቁ ነበር፤ የጁሪው አባላት ግን እምቢ አሉ። ሐሳባቸውን እስኪለውጡ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ እና ያለ እሳት ተዘግቶባቸው እንዲያድሩ ተደረገ። በአቋማቸው ጸንተው ተከሳሾቹን ነጻ ሲሉ ደግሞ እነርሱው ገንዘብ ተቀጡ። ኤድዋርድ ቡሼል የተባለው የጁሪ አባል አልከፍልም ብሎ ታሰረ፤ ጉዳዩንም ወደ ሌላ ችሎት ወሰደ። ዋና ዳኛ ጆን ቮን ማንም የጁሪ አባል በሰጠው ፍርድ ምክንያት ሊቀጣ አይገባም ሲሉ ወሰኑ።

የጁሪ ዋነኛ ፋይዳ ከዚህ ታሪክ ይታያል። ዳኛ በመንግሥት ይሾማል፤ ዐቃቤ ሕግም በመንግሥት ስም ይከሳል። በመካከል ሹመት የማይጠብቁ፣ ደመወዝ የማይቋረጥባቸው እና ነገ ወደየሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ሲቆሙ ግን ባለሥልጣን የጠላውን ሁሉ ማሰር ይከብደዋል።

መዝገቡ ከተዛባ ፍርዱም ይዛባል

ይኹንና “ሕዝቡ ፈረደ” ለማለት ሕዝቡ በሙሉ በመዝገቡ ላይ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ በ1955 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ኤመት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በግፍ ተገደለ። ሁለት ነጮች ተከሰሱ፤ በነጭ ወንዶች ብቻ የተሞላው ጁሪ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም ያልዘለለ ምክክር አድርጎ በነጻ አሰናበታቸው። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ ተቀብለው ልጁን እንደገደሉት ለአንድ መጽሔት ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ ነጻ ተብለዋልና ዳግም በዚያ ግድያ ሊከሰሱ አልቻሉም። ከአካባቢው ነዋሪ የሚበዛው ጥቁር ነበር። ጁሪው የሚመረጠው ከመራጮች መዝገብ ሲኾን ጥቁሮች ግን እንዳይመዘገቡ ይከለከሉ ነበር። ሴቶችም በግዛቲቱ ጁሪ እንዲኾኑ አይፈቀድላቸውም ነበር።

እንግሊዝም ብትኾን ሴቶችን ለጁሪ የፈቀደችው እ.ኤ.አ በ1919 በወጣ ሕግ ነው። የተወሰነ ግምት ያለው ቤት የሌለው ሰው እንዳይፈርድ የሚያደርገው መስፈርት ደግሞ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። የጁሪ ጥንካሬ እንግዲህ በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ ፈራጁ በፍርዱ ባለመቀጣቱ እና ስሙ ከሁሉም ነዋሪ መካከል ያለ አድልዎ በመውጣቱ።

ሥርዓቱን የተዉ ሀገራትም አሉ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ በ1969 ጁሪን አስቀርታለች፤ ሕንድም በሂደት ትታዋለች። ጃፓን ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በከባድ ወንጀሎች ላይ ሦስት ዳኞች ከስድስት ተራ ዜጎች ጋር አንድ ላይ እንዲፈርዱ አድርጋለች።

በእኛስ ሀገር?

በኢትዮጵያ ጁሪ የለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጣም አላካተተውም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛው ነው። ፍርድን በጋራ መስማት ግን ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በቀደመው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ “በላ ልበልሃ” እየተባባሉ ሲሟገቱ በችሎቱ የተገኙ ሽማግሌዎችና ሹማምንት አስተያየታቸውን በተራ ይሰጡ ነበር። የሚጀመረውም ከዝቅተኛው ነበር፤ ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የልቡን ሊናገር ይፈራልና። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች በዕጣ የተመረጡ አለመኾናቸው፣ የመጨረሻው ቃልም የሰብሳቢው መኾኑ ነው።

ጉዳዩ በውጭ የሚኖሩ ወገኖችንም ይነካል። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የጁሪ ጥሪ በፖስታ ሊደርሰው ይችላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥሪን ያለ በቂ ምክንያት ችላ ማለት እስከ 1 ሺህ ዶላር መቀጮ ወይም እስከ ሦስት ቀን እስራት ሊያስከትል ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ግን ጁሪ ሊኾን አይችልም፤ ጥሪ ከደረሰው በቅጹ ላይ ዜጋ አለመኾኑን ገልጾ መመለስ ይገባዋል።

በሀገር ቤት ላለው አርሶ አደርና ከተሜ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት እና ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ኾኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። ጁሪ በሌለበት ሀገር ነዋሪው ወደ ፍርዱ የሚገባው በዋናነት በምስክርነት በኩል ነው። ድንበር ተገፋ፣ በሬ ተሰረቀ፣ ክምር ተቃጠለ ሲባል ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚናገር ጎረቤት ከሌለ ዳኛው የቱንም ያህል ቢማር እውነቱን ሊያገኘው አይችልም።