በውርጭ ወራት የቤት እንስሳትን ከብርድ መጠበቅ

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጥርት ሲል የደጋ ሰው ቀኑን ይወደዋል፤ ሌሊቱን ግን ይፈራዋል። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት በር ከፍታችሁ ስትወጡ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ይጠብቃችኋል። እናንተስ ጋቢያችሁን ወይም ባናችሁን ተከናንባችሁ፣ እሳት ሞቃችሁ አደራችሁ። ጉረኖ ውስጥ ያለችው በግ እንዴት አደረች? አህያውስ? ደጃፍ ላይ የተጠቀለለው ውሻስ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነርሱ ነው።

"እንስሳ ፀጉር አለው፤ ብርድ ምን ያደርገዋል?" የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ግማሹን ነው የተናገሩት። ጤነኛና የጠገበ በግ ደረቅ ቦታ ካገኘ የደጋን ብርድ ይችላል። የመንዝ በግ የሚኖረው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር ነው፤ ባናውም ዝተቱም የሚሠራው ከእርሱው ፀጉር ነው። ታዲያ በኅዳርና በታኅሣሥ ግልገል ለምን ያልቃል? ነገሩ እንዲህ ነው። ብርድ ብቻውን ሲመጣ እንስሳው ይቋቋመዋል። ከእርጥበት፣ ከነፋስና ከባዶ ሆድ ጋር ሲመጣ ግን ይገድላል። ብርዱን ልታስቀሩት አትችሉም። እርጥበቱን፣ ነፋሱንና ረሃቡን ግን ልታስቀሩ ትችላላችሁ።

ፀጉር እንዴት እንደሚያሞቅ እስቲ እንይ። ጋቢ የሚያሞቃችሁ የራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም። በድርቡ መካከል አየር ይይዛል፤ ያ አየር የገላችሁ ሙቀት እንዳይሸሽ ያግደዋል። የበግ ፀጉርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ፀጉሩ ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። ውሃው ደግሞ ለመድረቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ከእንስሳው ገላ ነው። ነፋስ ሲነፍስም በፀጉሩ መካከል የሞቀውን አየር ጠርጎ ይወስደዋል። የረጠበ ጋቢ ለብሶ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። እንግዲህ በእነዚህ ወራት በግ መሸለት ልብሱን በብርድ እንደ መግፈፍ ስለሆነ፣ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ።

አሁን ወደ ግልገሉ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚብሰው የእርሱ ነገር ነውና። ግልገል ከሞቀ ሆድ በሽርት ውሃ እንደራሰ ወጥቶ ውርጭ ላይ ይወድቃል። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ክብደቱ 2 ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ትንሽ ገላ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በሲኒ ያለ ቡና በጀበና ካለው ቀድሞ ይቀዘቅዝ የለ? ግልገሉ ሲወለድ በገላው ውስጥ ለሙቀት የሚሆን ጥቂት ስብ ይዞ ይመጣል። ያ ስብ እንደ ማገዶ ነው፤ በብርድ ሌሊት በጥቂት ሰዓት ነድዶ ያልቃል። ከዚያ በፊት ሌላ ማገዶ ካላገኘ ይተኛል። ከተኛም መነሣቱ ያጠራጥራል። በጓ 5 ወር ያረገዘችው፣ እናንተም ለልጅ ደብተር ወይም ለማዳበሪያ ያሰባችሁት ሀብት በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው።

ሌላው ማገዶ እንገር ነው። እንገር ወፍራም ነው፣ ስብ ይበዛበታል። ከዚህም በላይ ግልገሉን ከበሽታ የሚከላከል ነገር በውስጡ አለ። ይህን መከላከያ የግልገሉ አንጀት ወደ ደም ሊያሳልፍ የሚችለው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ከሁሉ የሚሻሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ናቸው። ስለዚህ እንገርን አልቦ መድፋት ትልቅ ስሕተት ነው። "ሲነጋ ይጠባል" ብሎ መተኛትም ያው ነው።

በጓ ልትወልድ የቀረበች መሆኗን ካያችሁ ማታውኑ ከነፋስ ወደ ተከለለ ደረቅ ቦታ አስገቧት። ስትወልድ አትቸኩሉ፤ እናቲቱ ትላሰው። መላሷ ያደርቀዋል፣ ደሙንም ያንቀሳቅሰዋል። እርሷም ሽታውን የምትይዘው ያን ጊዜ ነው። ካልላሰችው ወይም ሌሊቱ ከከበደ አፍና አፍንጫውን ጥረጉለትና ገላውን በደረቅ ገለባ ወይም በጆንያ እሹት። ግን እዚያው እናቲቱ አፍንጫ ሥር አድርጉት። በውሃ አትጠቡት፤ ሽታው ከጠፋባት "ልጄ አይደለም" ብላ ልትገፋው ትችላለች። የጡቷ ጫፍ ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሁለቴ ጨምቃችሁ ወተት መውጣቱን እዩ፤ ከዚያ ግልገሉን አስጠጉት። ይህን ሥራ ለእረኛው ልጅ ብቻ ጥሎ መተኛት ደግ አይደለም።

ግልገሉ በርዶት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ጣታችሁን ታጥባችሁ አፉ ውስጥ አስገቡ። የደኅና ግልገል የገላ ሙቀት 39 ወይም 40 ዲግሪ ነው፤ ከእኛ ይበልጣል። ስለዚህ አፉ ለጣታችሁ ሞቅ ማለት አለበት። አፉ ከቀዘቀዘ ጊዜ የለም። ቀዝቅዞም ጣታችሁን የሚጠባ ከሆነ ተስፋ አለ። ከእናቲቱ እንገር አልባችሁ፣ እንደታለበ ሙቀቱ ሳይወጣ ከአንድ የቡና ሲኒ ትንሽ በለጥ የሚል በጡጦ አጥቡት። የማይጠባ ከሆነ ግን፣ አደራ፣ አፉን ከፍታችሁ አትጋቱት! መዋጥ የተሳነው ግልገል ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባና ብርዱ የጀመረውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ። እንዲህ ያለውን ገና የተወለደ ግልገል መጀመሪያ አድርቁት። በጆንያ ጠቅልላችሁ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍናችሁ በጎኑ አድርጉለት። ቀና ብሎ መጥባት ሲጀምር እንገሩን ስጡት። ከተወለደ ግማሽ ቀን አልፎት የተዘረጋ ግልገል ደግሞ ስቡም በደሙ ያለው ስኳርም አልቆበታልና በባዶ ሆዱ ማሞቅ ብቻ ሊገድለው ይችላል። ለእርሱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

እሳት ዳር ማስተኛትስ? ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ነገር ግን የደከመ ግልገል ቢቃጠል እንኳ መሸሽ አይችልም፤ ጭሱም ሳንባውን ይጎዳዋል። ከሰል አንድዶ በር መዝጋትማ ለግልገሉም ለቤተሰቡም ሞት ነው። ግልገሉ እንደበረታ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እናቱ መልሱት።

አንድ ነገር በጣታችሁ ቁጠሩ። አውራው በሰኔና በሐምሌ ከእንስቶቹ ጋር ከዋለ ግልገሎቹ የሚወለዱት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አውራውን ለይታችሁ ማቆየት የምትችሉ ከሆነ ይህን ሒሳብ አስቡበት።

ለአደጉት በጎችና ለከብቶች ዋናው ምድጃ ሆዳቸው ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ የበላው ገለባ በሆዱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ በውርጭ ሌሊት ድርቆሽ ወይም ገለባ ማታ ብትሰጧቸው እስኪነጋ ውስጥ ለውስጥ ያሞቃቸዋል። ጠዋት የገንዳው ውሃ በረዶ ሠርቶ ከሆነ ሰብራችሁ አውጡት፤ ያልጠጣ እንስሳ ደኅና አድርጎ አይበላም።

ጉረኖውን የት ሠራችሁት? ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን የሚያግድ ደመና ስለሌለ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛውም አየር ጉድጓዳው ሜዳ ላይ ይተኛል። ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው የሸለቆውን ሰብል መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ። ጉረኖም ከጉድጓዳ ቦታ ይልቅ ከፍ ያለ ዳገት ላይ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ቢሆን ይሻላል። በእንስሳቱ ቁመት ነፋስ እንዳይገባ ግድግዳውን ድፈኑ፤ ከላይ ከጣሪያው ሥር ግን አየር መውጫ ተዉ። ጨርሶ የተደፈነ ቤት በሽንት ሽታና በትንፋሽ ወበቅ ይሞላል። ሽታው ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ የበጎቹንም ሳንባ ይቆጠቁጣል፤ ሳል የሚነሣው ከዚያ ነው። የጉዝጓዙን ነገር ለማወቅ ደግሞ ማታ ገብታችሁ ተንበርከኩበት። ጉልበታችሁ ከረጠበ በጎቹም የተኙት እርጥብ ላይ ነው። ደረቅ ገለባ ጨምሩበት።

አህያውን እንደ በግ አትቁጠሩት። የአህያ ዘር የመጣው ከሞቃትና ደረቅ አገር ነው፤ የዱር አህያ በእኛው አፋር በረሃ አለ። ፀጉሩ እንደ ፈረስ ዝናብ አይመልስም፤ ውሃው እስከ ቆዳው ይዘልቃል። እኛ ግን ከፈረሱ ይልቅ እርሱን ነው ደጅ የምናሳድረው፣ ይህ ሁልጊዜ የሚገርም ነገር ነው። ከገበያ ሲመለስ ጀርባው በላብ ርሶ ነፋስ ላይ አታቁሙት። በገለባ እሹት። የረጠበውን መደላድል ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ እርጥብ መደላድል ብርዱም ገጣባውም አብሮ ነው። ሌሊት ቢያንስ ጣሪያና አንድ የነፋስ መከለያ ይኑረው።

ውሻ ሲበርደው አፍንጫውን ከጭራው ሥር አድርጎ ይጠቀለላል። ይህን ካያችሁ መኝታውን ከመሬት ከፍ አድርጉለት፤ ጥቂት እንጨት ደርድራችሁ አሮጌ ጆንያ ብታነጥፉበት ይበቃዋል። የምታስሩት ከሆነ ገመዱ እስከ መጠለያው ይድረስ። ማታ ፍርፋሪ ጨምሩለት፤ ቤት ሲጠብቅ የሚያድረው እርሱ ነው። ቡችሎች በመጀመሪያው ሳምንታቸው ተንቀጥቅጠው መሞቅ አይችሉም፤ ስለዚህ ከእናታቸው አትለዩአቸው።

ድመት ብልህ ናት፤ የሞቀ ቦታ ራሷ ታገኛለች። ከምድጃው አመድ ውስጥ ገብታ ታድራለች። ጠዋት እሳት ከማንደዳችሁ በፊት በእንጨት ነካ ነካ አድርጋችሁ መውጣቷን እዩ።