ጋምቤላ ስንት አዋላጅ ያስፈልጋታል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የሕዝቡን ቁጥር መያዝ፣ ከዚያ አንድ ባለሙያ ስንት ሰው ሊያገለግል እንደሚችል አይቶ ማካፈል ነው። በአገራችን ጤና ኬላ ለ5 ሺህ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ25 ሺህ ሰው ተብሎ የሚታቀደው በዚሁ ስሌት ነው። ጋምቤላ ላይ ግን ስሌቱ ከመነሻው ይቸገራል፤ የሚካፈለው የሕዝብ ቁጥር ራሱ አስተማማኝ አይደለምና።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ እየተራዘመ በመቅረቱ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ አሮጌ ቁጥር ተነሥቶ በሚሰላ ግምት ነው። በመካከሉ፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ድንበር ተሻግረው ክልሉ ውስጥ የተጠለሉት ስደተኞች ከ300 ሺህ በላይ ደርሰዋል፤ በቆጠራው ጊዜ የነበረውን ነዋሪ ያህል ሰው ማለት ነው። ስደተኛው የሚመዘገበው ለብቻው ቢሆንም ሕክምናው ለብቻው አይደለም። የኢታንግ ወረዳ ነዋሪ የኩሌ ስደተኞች መጠለያ ጤና ጣቢያ ከቀረበው እዚያ ይታከማል። በመጠለያው ምጥ የጠናባት እናት ደግሞ ወደ ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ትላካለች። እንዲህ ሲሆን ታካሚው የሚቆጠረው ከሁለቱም ሕዝብ፣ ዕቅዱ የሚወጣው ግን ለአንደኛው ብቻ ይሆናል።

ከዚህ መውጫ መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በሥራ ጫና ላይ የተመሠረተ የሰው ኃይል ስሌት ነው። የሚጠይቀው ስንት ሰው እንደሚኖር ሳይሆን ስንት ሥራ እንደተሠራ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በዓመት 400 እናቶችን ያዋልዳል እንበል። አንዷን ለማዋለድና ለመከታተል 6 ሰዓት ከፈጀ 2,400 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ላይ 3,000 የእርግዝና ክትትል እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢወስድ 1,000 ሰዓት ይጨመራል። አንዲት አዋላጅ ፈቃድ፣ በዓልና ሥልጠና ተቀንሶላት በዓመት 1,700 ሰዓት ብትሠራ፣ ለ3,400 ሰዓት ሥራ ሁለት አዋላጆች ያስፈልጋሉ። ያለችው አንዲት ብቻ ከሆነች የሁለት ሰው ሥራ ተሸክማለች ማለት ነው። ምጥ ሌሊትም ስለሚመጣ ሁለቱ ራሱ ትንሹ ቁጥር ነው። ለዚህ ስሌት የሚፈለገው መረጃ ደግሞ በየዕለቱ በማዋለጃና በእርግዝና ክትትል መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ነው፤ እናቲቱ ከኢታንግ ትምጣ ከደቡብ ሱዳኗ ናስር ለውጥ የለውም።

መዝገቡ የማያሳየው ያልመጣውን ሰው ነው። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ የኑዌር ዞን ቀበሌዎች በጎርፍ ከሌላው ይነጠላሉ። በእነዚያ ወራት ከዞኑ አኮቦ ወረዳ በኩል የሚመዘገበው ታካሚ ቢቀንስ ሕመሙ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ መንገዱ ተዘጋ እንጂ። ጥቂት ሰው ስለመጣ ጥቂት ሠራተኛ ይበቃል ተብሎ ቢወሰን፣ ችግሩ የባሰበት ቀበሌ ያለውንም ባለሙያ ያጣል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ቁጥር ተይዞም እንዲህ ዓይነት በደል ሊፈጸም ይችላልና። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሞሉት የቤተሰብ ማኅደር ነው። እርጉዟን የሚያውቃት ገና ከቤቷ ሳትወጣ ነው።

የቤት ለቤት መረጃ ምን ያህል እንደሚጠቅም ኤችአይቪ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቤት ለቤት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የቫይረሱ ሥርጭት በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆን በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር። መመርመሪያና ባለሙያ በነዋሪ ብዛት ብቻ ቢከፋፈል፣ ከአምስት እጥፍ በላይ ሥርጭት ያለበት ክልል እንደ ማንኛውም ክልል ይደርሰው ነበር።

አንዳንዱ መረጃ ደግሞ የበላይ ውሳኔ ሳይጠብቅ እዚያው ይሠራል። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የወባ መከታተያ ቻርት እንዲህ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ታማሚዎች 30፣ 40፣ 55፣ 62 እና 90 ቢሆኑ፣ ከላይ ሁለተኛው 62 የማስጠንቀቂያ መስመር ይሆናል። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት 70 ሰው ከተመዘገበ ባለሙያው ወረርሽኝ ሊሆን እንደሚችል ያንኑ ዕለት ያውቃል። መድኃኒትና ተጨማሪ ሰው መጠየቅም ይችላል።

ክልሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እነዚህን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይመስለኛል፤ የመጠለያውን ከወረዳው፣ የማዋለጃ ክፍሉን ከቤተሰብ ማኅደሩ። ምደባውም በበጋ፣ የባሮ ወንዝ ሳይሞላና መንገዱ ሳይዘጋ ቢያልቅ፣ ለአኮቦ የተመደበችው አዋላጅ ከክረምቱ በፊት ሥራዋ ላይ ትገኛለች።