ቦታ ሲጠብ የተጣለ ድምፅ፦ በቤት ኮምፒውተር የድምፅ ፎርማት ቅየራ ሠላሳ ዓመታት

አንድ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ይይዛል። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ ለግራና ለቀኝ ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። በዚህ ስሌት የአምስት ደቂቃ ዘፈን ብቻውን 53 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ለገበያ ያቀረቡት በ1982 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ይህን ሁሉ መረጃ በቤቱ ኮምፒውተር ሊያስቀምጥ የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንኳ የአንድ ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ሌላ ምንም ሳይጫንበት፣ የሚይዘው ሃያ ያህል ዘፈን ነበር። ድምፅን በቤት ከፎርማት ወደ ፎርማት የመቀየር ታሪክ የሚነሳው ከዚህ ጥበት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቅየራ የወሰንነው አብዛኛው ነገር የቦታ እጥረት ያስገደደን ነው። እጥረቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም።

መውጫው የተገኘው በጀርመኗ ኤርላንገን ከተማ ነው። የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ፣ ጆሮ የማይለየውን ድምፅ እየለቀሙ በመጣል ዘዴ ላይ ለዓመታት ሠሩ። ከበሮ ጎልቶ በሚመታበት ቅጽበት በአቅራቢያው ያለ ደካማ ድምፅ ይሸፈናል። ሰሚው ካልሰማው ደግሞ ቢጣልም አይጎድልበትም፤ መነሻ ሐሳቡ ይህ ነው። ብራንደንቡርግ ዘዴውን ሲያርም ደጋግሞ ከሞከረባቸው ዘፈኖች አንዱ የሱዛን ቬጋ «ቶምስ ዳይነር» ነበር፤ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ በመሆኑ ትንሽ ብልሽት እንኳ አይደበቅበትም። ደረጃው በ1992 ተጠናቆ በ1993 ታተመ፤ ኤምፒ3 የሚለው የፋይል መለያ የተመረጠው በ1995 ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲታመቅ ያ የ53 ሜጋባይት ዘፈን ወደ 5 ሜጋባይት ይወርዳል። በ56 ኪሎቢት የስልክ ሞደም ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ማውረድ አሥራ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ቀያሪ ፕሮግራሞች ትዕግሥት የሚፈትኑ ነበሩ። ፍራውንሆፈር በ1994 ያወጣው ኤል3ኢንክ በዘመኑ ኮምፒውተር ላይ ዘፈኑ ተሰምቶ ከሚያልቅበት የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር። በ1997 ማጫወቻው ዊንአምፕ፣ በ1999 የፋይል መለዋወጫው ናፕስተር ሲመጡ ኤምፒ3 ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የተማሪ መኝታ ክፍል ገባ። ትንሽ ፋይል ቶሎ ይደርሳልና 128 ኪሎቢት የሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀረ። የዚያ ዘመን ቀያሪዎች ከዛሬዎቹ በጣም የደከሙ ነበሩ፤ በ1998 በ128 የታመቀ ዘፈንና ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው 128 የታመቀ ዘፈን እኩል አይሰሙም። ከእነዚያ ዓመታት የተረፉልን ፋይሎች በጠባብ መጠን፣ ያውም ገና ባልበሰለ መሣሪያ የተሠሩ ናቸው።

በ1998 ፍራውንሆፈር ነፃ ቀያሪ ለሚያዘጋጁ ፕሮግራመሮች የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ሁሉንም አላስቆመም። ክሪስ ሞንትጎመሪ ከማንም ፈቃድ የማይፈልገውን ኦግ ቮርቢስ የተባለ ፎርማት ለመሥራት ተነሳ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂም በ2002 ወጣ። በዚያው በ1998 የተጀመረው ሌም የተባለው ቀያሪ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች እጅ እየተሻሻለ ሄዶ የኤምፒ3 ጥራት መለኪያ እስከ መሆን ደረሰ። በ2000 ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ነፃውን ቀያሪ ኤፍኤፍኤምፔግን ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ድምፅ መቅጃና ማረሚያው ኦዳሲቲ ወጣ፤ በ2001 ጆሽ ኮልሰን ፍላክ የተባለውን ፎርማት አቀረበ። በእኔ ዕይታ የዚህ ታሪክ እምብርት እነዚህ አራት ዓመታት ናቸው። ዛሬ ባለ ብዙ ቁልፍ መስኮት ይዘው የሚቀርቡ ቀያሪዎች፣ በአዲስ አበባ በብዙ ኮምፒውተር ላይ የማይጠፋውን ፎርማት ፋክተሪን ጨምሮ፣ ከውስጥ ሲታዩ አብዛኞቹ የሚያሠሩት ኤፍኤፍኤምፔግን ነው።

ፍላክ በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል፤ ምንም አይጥልምና። የሚያምቀው በስሌት ብቻ ስለሆነ ሲፈታ ከመነሻው ጋር ቢት በቢት አንድ ነው። መጠኑን የሚያወርደው ወደ መነሻው ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ከኤምፒ3 አንጻር ብዙ ቦታ ይበላል። በ2001 ሃርድ ዲስክ ውድ ነበርና ብዙ ሰው አልፎት ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው የቁልፍ ዘመን ነው። አፕል በ2003 የከፈተው የሙዚቃ መደብር ዘፈኖቹን ኤኤሲ በተባለ ፎርማት በ128 ኪሎቢት፣ ተቆልፈው፣ ይሸጥ ነበር። ዘፈኑን ገዝቶ በሌላ ማጫወቻ መስማት የፈለገ ሰው የነበረው የታወቀ መንገድ በሲዲ ላይ መጻፍና ከሲዲው መልሶ ወደ ኤምፒ3 መቀየር ነው፤ ይህም አንዴ የተጣለለት ድምፅ ላይ ሁለተኛ መጣል ነበር። በዊንዶውስ በኩልም ሲዲውን «ከቅጂ ተጠብቆ» በሚለው ምርጫ የገለበጠ ሰው ፈቃዱን ለብቻው ካላስቀመጠ፣ ዊንዶውሱ እንደገና በተጫነ ቀን የገዛ ፋይሎቹ አይከፈቱለትም ነበር። አፕል ቁልፉን ከዘፈኖቹ ሁሉ ለማንሳት የወሰነው በ2009 ነው። በዚያ ዘመን የተገዛና በዚያ መንገድ የተቀየረ ብዙ ዘፈን ዛሬም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተላለፈ ነው።

በእኛ ሀገር ነገሩ የቆመው በካሴት ላይ ነው። ሙዚቃው በካሴት ነበር፣ መዝሙሩ በካሴት ነበር፣ ወደ አረብ ሀገርና ወደ አሜሪካ ለሄደ ሰው የሚላከው የእናት ድምፅም በካሴት ነበር። ኢንተርኔት ደካማና ውድ ስለነበር ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ በሲዲ፣ በፍላሽና በሜሞሪ ነው የተሻገረው። በ128 ኪሎቢት አንድ ሲዲ ከመቶ በላይ ዘፈን ይይዛል፤ ይህ ለሻጩም ለገዢውም ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ሜሞሪ ካርድ ያለው ስልክ መጣ፤ መርካቶ ወይም ፒያሳ ሄዶ ዘፈን ማስጫን የተለመደ ሆነ። የአንድ ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ ብዙ እንዲገባ የተፈለገ እንደሆነ ዘፈኑ ከ128 ወደ 96፣ አንዳንዴም ወደ 64 ኪሎቢት ይወርድ ነበር። ይህን ያደረጉትን ሰዎች አልወቅስም፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙ ዘፈን ከካሴት ሳይወጣ ይቀር ነበር።

ጉዳቱን ለማየት አንድ የካሴት ዘመን ዘፈን የሚያልፍበትን መንገድ እንከተል። አንዱ ከካሴት በ128 ኤምፒ3 ቀዳው። ሌላው በማንኛውም ማጫወቻ እንዲሠራ ብሎ ወደ ኦዲዮ ሲዲ መለሰው። ሦስተኛው ከሲዲው እንደገና ወደ ኤምፒ3 ገለበጠው። አራተኛው ፎቶ ለጥፎበት ዩቲዩብ ላይ ጫነው፤ ዩቲዩብም በራሱ ወደ ኤኤሲና ኦፐስ ወደተባለ ሌላ ፎርማት ቀየረው። አምስተኛው ከዚያ አውርዶ «320» ብሎ ወደ ኤምፒ3 ለወጠውና ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ድምፅ የሚጥል ፎርማት በእያንዳንዱ ዙር እንደ አዲስ ይጥላል፤ የተጣለው በኋላ በሰፊ መጠን ቢታመቅ አይመለስም። 128 የነበረው ፋይል 320 ሲባል በሁለት እጥፍ ተኩል ያድጋል፤ ድምፁ ግን ባለበት ይቆያል፣ ወይም ትንሽ ይብሳል።

የሚጎዳውም ሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። ኤምፒ3 ድምፅን 26 ሚሊሰከንድ አካባቢ በሆነ ቁራጭ እየከፈለ ነው የሚሠራው። ድንገተኛ ምት በቁራጩ መካከል ሲገኝ ስህተቱ በቁራጩ ሁሉ ይረጫል፤ ስለዚህ ምቱ ሳይመታ ቀድሞት ሸር የሚል ድምፅ ይሰማል። የአውሮፓ መሐንዲሶች ይህን የሚፈትሹት ካስታኔት በተባለው የእጅ ማጨብጨቢያ ነው። እኛ ዘንድ ጭብጨባ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ጸናጽል አለ። ጸናጽል ቀጭን፣ ፈጣንና በሰፊ ድግግሞሽ የተበተነ ድምፅ ነው፤ ለጠባብ ኤምፒ3 ከዚህ የሚከብድ ነገር ማግኘት ያዳግታል። በ128 አብዛኞቹ ቀያሪዎች ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጠው ይጥላሉ። ጸናጽሉ ከብረትነቱ ወጥቶ ውኃ የገባበት ዓይነት ይሆናል፤ የመሲንቆ ቀስት ከጭራው ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ ይለዝባል፤ እልልታው ይቆራረጣል። ከሀገር ውጭ ያደገ ልጅ ማኅሌትን ወይም የአዝማሪ ቤትን የሚያውቀው እንዲህ ካለ ፋይል ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው በእርግጥ እንደዚያ የሚሰማ ይመስለዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

የስልክ ቅጂዎች የባሱ ናቸው። የጥንቶቹ ስልኮች ድምፅ የሚቀዱበት ኤኤምአር ለንግግር የተሠራ ነው፤ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፣ ከ3,400 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን አይይዝም። የአያትን ምርቃት በእንዲህ ያለ ስልክ የቀዳ ሰው ፋይሉን ወደ ኤምፒ3 ሲቀይረው የሚያገኘው በብዙ ማጫወቻ መከፈትን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ፋይል ግን መሰረዝ የለበትም።

አንድ ፋይል እውነተኛ መጠኑ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነፃ መሣሪያ አለ። ኦዳሲቲ ላይ ተከፍቶ የስፔክትሮግራም ዕይታ ሲመረጥ ድምፁ ከታች ወደ ላይ በድግግሞሹ ይሣላል። ከካሴት በቀጥታ የተቀዳ ድምፅ ወደ ላይ ሲሄድ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ የክሩ ሹሹታም እስከ ላይ ይታያል። በጠባብ ኤምፒ3 ያለፈ ግን 16 ሺህ ላይ በምላጭ እንደተቆረጠ ያበቃል። «320» ወይም «ፍላክ» የሚል ስም ይዞ እንዲህ ያለ ቁርጥ የሚያሳይ ፋይል ስሙ ውሸት ነው።

ከ2012 ወዲህ ያለው ለውጥ ጸጥ ብሎ የመጣ ቢሆንም ትልቅ ነው። በዚያ ዓመት ደረጃ የሆነው ኦፐስ በትንሽ መጠን ከኤምፒ3 እጅግ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል፤ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የምንላላካቸው የድምፅ መልእክቶች በእሱ የታመቁ ናቸው። በ2015 ዊንዶውስ 10፣ በ2017 የአይፎን ሥርዓት ፍላክን ራሳቸው መክፈት ጀመሩ። በ2017 የኤምፒ3 የፈቃድ ፕሮግራምም ተዘጋ፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊሠራበት ይችላል። አፕል በ2021 ሙዚቃውን ምንም ሳይጣልለት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማቅረብ ጀመረ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ፍላክ በኢንተርኔት መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ኅብረት እንደ ደረጃ ታተመ፤ ለረጅም ጊዜ ማኅደር ለሚያስብ ሰው ይህ ዋስትና ነው፣ ሠሪዎቹ ቢያልፉም አሠራሩ በጽሑፍ ተቀምጧልና።

በድረ ገጽ የሚቀይሩ አገልግሎቶችም በእነዚሁ ዓመታት ተስፋፍተዋል። ከዩቲዩብ ወደ ኤምፒ3 በመቀየር የታወቀው አንዱ በሙዚቃ ኩባንያዎች ተከሶ በ2017 ተዘግቷል፤ ሌሎቹ አሉ። የእናት ደብዳቤ የሆነ ድምፅ ወደማይታወቅ ኮምፒውተር የሚጫንበት ምክንያት የለም፤ ዛሬ ማንኛውም የቤት ኮምፒውተር የአምስት ደቂቃ ዘፈን በጥቂት ሰከንድ ይቀይራል። ከቪዲዮ ድምፁ ብቻ ከተፈለገ ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ ድምፁን ሳይነካ ከማሸጊያው ነቅሎ ያወጣዋል፤ ቅየራ የለም፣ ስለዚህ የሚጣልም የለም።

ከመነሻው መጀመር ምን እንደሚያመጣ ያሳየው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» የተባለ የሲዲ ተከታታይ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሙዚቃ አሳታሚው አምኃ እሸቴ በሸክላ ካወጣቸው ሥራዎች ተነስቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በዓለም ጆሮ ላይ በጥራት አስቀመጠ። ከሸክላ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን፣ በተለይ በየቤቱ የተቀዳው ሠርግ፣ ስብከት፣ ለቅሶና ደብዳቤ፣ በአብዛኛው ዛሬም በካርቶን ውስጥ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የቴፑ ራስ በአልኮል ይጸዳል፤ ገመዱ በማይክ ቀዳዳ ሳይሆን «ላይን ኢን» በተባለው መግቢያ ይሰካል፤ የድምፁ ደረጃ ቀዩን እንዳይነካ ዝቅ ተደርጎ ኦዳሲቲ ላይ ይቀዳል፤ ወደ ፍላክ ይወጣል። የአንድ ሰዓት ካሴት ሳይታመቅ 635 ሜጋባይት፣ በፍላክ 400 ገደማ ነው፤ የ64 ጊጋባይት ፍላሽ ከ150 ሰዓት በላይ ይይዛል። ለስልክ የሚሆነው ትንሽ ቅጂ ሁልጊዜ ከዚያ ፍላክ ይወጣል እንጂ ከሌላ ትንሽ ቅጂ አይወጣም። ሹሹታውን ለማጽዳት የሚፈልግ ሰውም ያልተነካውን ፍላክ አስቀምጦ በሌላ ቅጂ ላይ ይሥራ፤ የማጽጃ ፕሮግራሞች በየዓመቱ እየተሻሉ ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው የኤምፒ3 መለያ ለርእስ 30 ሆሄ ብቻ ይፈቅድ ነበር፣ ያውም የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ዘፈኖቻችን በላቲን ፊደል፣ በጥያቄ ምልክት ወይም «ትራክ 01» እየተባሉ የቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የፍላክ መለያ በዩኒኮድ ስለሚጻፍ ግእዝ ፊደልን ያለ ችግር ይይዛል፣ ርዝመትም አይከለክልም። ዘፋኙ፣ መሲንቆ የመታው ሰው፣ የተቀዳበት ቦታና ዓመት፣ ካሴቱ የማን እንደነበር፣ በየትኛው ገጽ እንዳለ ሊሠፍርበት ይችላል። ኤፍኤፍኤምፔግም ፍላኩን ወደ ኤምፒ3 ወይም ወደ ኦፐስ ሲቀይር ይህን ጽሑፍ አብሮ ያሻግረዋል፤ የሚያስታውስ ሰው ባለበት አንዴ በትክክል መጻፍ ለቅጂዎቹ ሁሉ ይበቃል።