ስለ ሽኝት ንግግር፤ ተረትና እውነታ

አንድ የሥራ ባልደረባ በጡረታም ሆነ በዝውውር ከመሥሪያ ቤቱ ሲለይ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጋቢው ከመደረቡ በፊት ከባልንጀሮቹ አንዱ ተነሥቶ መናገሩ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ስለዚህ ንግግር ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ ግን የከፋ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት፣ ተሸኚው የሚከበረው የውዳሴ ቃል በተከመረለት መጠን ነው የሚለው ነው።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ጨዋ ሰው የባልንጀራውን ምግባር በፊቱ ማመስገን ከውዳሴ ከንቱ እንዳይቆጠርበት እየሠጋ ስለሚኖር፣ ለዓመታት የያዘውን ምስጋና በስንብት ቀን ባንድ ጊዜ ሊያፈሰው ቢሻ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ታታሪ፣ ቅን፣ ተግባቢ፣ ሥራ ወዳድ» የሚለው ቃል ለማንኛውም ሠራተኛ ሊነገር የሚችል ስለ ሆነ፣ በፊታችን ስለ ተቀመጠው ሰው አንዳች አይመሰክርም።

በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ዕድሜያቸው 60 ሞልቶ በጡረታ የተሰናበቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲሸኙ፣ ቀደም ሲል ለሌላ ሰው የተነበበው ወረቀት ስሙ ብቻ ተለውጦ ሲነበብ ሰምቻለሁ። በሞዴል 19 የገባውን ንብረት በሞዴል 22 እስኪወጣ ድረስ እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ መኖራቸውን፣ አዲስ የተቀጠረውን ሁሉ የርክክብን ሥርዓት በትዕግሥት ማስተማራቸውን ያነሣ አልነበረም። ጉዳቱም በእርሳቸው ላይ ብቻ አልቀረም፤ በዚያ የነበሩት ወጣቶች የሰው ድካም ሳይታይ እንደሚያልፍ ተምረው ወጡ። እንዲህ ያለውን ወረቀት እየገለበጡ የሚያድሉትንና «ምስጋናን የሚጠላ የለም» እያሉ ስንፍናቸውን አክብሮት የሚያስመስሉትን ልታገሣቸው አልችልም።

የአበው ትምህርትስ እንዲህ አልነበረም። የመልክእ ደራሲ ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ጥፍር እያንዳንዱን ሕዋስ በስሙ እየጠራ ያወድሳል፤ የገድል ጸሐፊም የትውልድ አገሩን፣ የተጋደለበትን ቦታና የፈጸመውን ትሩፋት ይዘረዝራል። ተሰናባቹ ራሱ በሚናገርበትም ጊዜ ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች በሚሊጢን ሲሰናበት፣ ሦስት ዓመት ሌሊትና ቀን በእንባ መገሠጹንና በገዛ እጁ ሠርቶ አብረውት የነበሩትን መርዳቱን ያስታውሳቸዋል።

ደግሞም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ የተናጋሪው ፈንታ ይህ ወረቀት የማይዘውን መናገር ነው፤ ይኸውም ተሸኚው የፈጸመውን አንድ ሥራ ከነጊዜውና ከነቦታው፣ በዚያም ሥራ ማን እንደ ተጠቀመ ማውሳት ነው።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ሐተታ አይሹም።

«ንግግሩ በረዘመ መጠን ክብሩ ይበዛል።» በዚያው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20፣ ጳውሎስ በማግሥቱ ሊሄድ ስለ ነበረ ቃሉን እስከ መንፈቀ ሌሊት ቢያስረዝም፣ አውጤኪስ የተባለ ጎበዝ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ እንደ ወደቀ ተጽፏል። ለእኛ ሦስት ደቂቃ ይበቃናል።

«መናገር የሚገባው የበላይ አለቃ ነው።» አለቃው በመሥሪያ ቤቱ ስም ያመስግን፤ ምስክርነቱን ግን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ አብሮ የኖረው ይስጥ።

«ከወረቀት ማንበብ ነውር ነው።» ነውሩ የሰውን ስምና ዘመን ማሳሳት ነው።

«የሚያስቅ ገመና ዝግጅቱን ያደምቀዋል።» ተሸኚው በልጆቹ ፊት ራሱ የማያወራውን ሌላው ሊያወራበት አይገባም።

በቅያሜ ለሚለቅ ሰው ምን ሊባል እንደሚገባ ግን ልቤ አልቆረጠም፤ የሠራውን እውነተኛ ሥራ አውስቶ ቅያሜውን በዝምታ ማለፍ የሚሻል ይመስለኛል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለባልንጀራህ እንድትናገር በተመረጥህ ጊዜ ወረቀት ከመበደርህ በፊት አብረውት የሠሩትን ጠይቅ፤ የምታውቀውን አንድ መልካም ሥራውን በእውነት ተናግረህ ተቀመጥ።