የጫማ ማስተዋወቂያ ሽልማት

የጫማ ማስተዋወቂያ ሽልማት አዲስ የጫማ አምራች ወይም ሻጭ ጥቂት ጥንድ ጫማዎችን በዕጣ ወይም በነጻ እየሰጠ በምትኩ የብዙ ሰዎችን አድራሻ የሚሰበስብበት የንግድ ዘዴ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጠየቀው አድራሻ በአብዛኛው ኢሜይል ነው። በጎንደርና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ግን ኢሜይሉን በየቀኑ የሚከፍት ገዢ ጥቂት ስለሆነ ቦታውን የስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ቻናል ይዘውታል። ስሙ ስጦታ ይሁን እንጂ ነገሩ ልውውጥ ነው፤ ተመዝጋቢው የሚከፍለው በገንዘብ ፋንታ በአድራሻው ነው።

አሠራር

አንድ አዲስ አምራች 5 ጥንድ ጫማ ለዕጣ አወጣ እንበል። የአንዱ ጥንድ ወጪ 2,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 10,000 ብር ይሆናል። ዕድላቸውን ለመሞከር 4,000 ሰዎች ቢመዘገቡ እያንዳንዱ አድራሻ ለአምራቹ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው። ከነዚህ ከመቶ አንዱ ብቻ በኋላ ጫማውን ቢገዛ 40 ጥንድ ይሸጣል። ያልገዙት 3,960 ሰዎችም አይጠፉም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስላሉ ለሚቀጥለው በዓል እንደገና መልእክት ይላክላቸዋል።

ጫማ ከሌላ ዕቃ የሚለይበት ነገር አለ። ልክ ይፈልጋል። ስለዚህ የምዝገባ ቅጹ ከስምና ከአድራሻ ሌላ የጫማ ቁጥር፣ ጾታና ከተማ ይጠይቃል። ለተመዝጋቢው ይህ ቢያሸንፍ ልኩ እንዲላክለት ብቻ ይመስለዋል። ለአምራቹ ግን ትልቁ ዕውቀት ይኸው ነው፤ 39 ቁጥር ስንት፣ 42 ቁጥር ስንት ማምረት እንዳለበት፣ የትኛውን ከተማ ማስቀደም እንደሚሻለው ቆዳ ሳይቆርጥ ያውቃል። ልክ ሳይታወቅ የተመረተ ጫማ መጋዘን ውስጥ ስለሚቀር ይህ መረጃ ከሽልማቱ ጫማዎች ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በታወቁት ስሞች ዘንድ ዕጣው ሌላ መልክም አለው። ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የስልክ መተግበሪያ በጥቂቱ የሚመረቱ ጫማዎችን በዕጣ ይሸጣል። እዚያ አሸናፊው ጫማውን በነጻ አያገኝም፤ የሚያገኘው የመግዛት ዕድል ነው።

በኢትዮጵያ

ዕጣ ለኢትዮጵያ ገዢ እንግዳ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ይታወቃል፤ ቶምቦላ የሚለው ቃልም በየከተማው የተለመደ ነው። ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ሥር ሽልማት መፈለግ፣ ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ወደ 8100 መልእክት ልኮ ዕጣ መጠበቅ የብዙ ሰው ትዝታ ነው። የጫማ ነጋዴዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ልማድ ነው።

በኢንተርኔት ለውጭ ገዢ በመሸጥ የታወቀው የኢትዮጵያ ጫማ ሶልሬብልስ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሲሆን መነሻው ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነው። ገዢው ሌላ አገር ሆኖ ጫማውን በእጁ ሳይዝ ለሚሸጥ ድርጅት ኢሜይል እንደ ሱቅ በር ነው። በጎንደር ግን ገዢው ፒያሳ ወይም አራዳ ወርዶ ጫማውን አጥፎ፣ ሶሉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ተከራክሮ ይገዛል። ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ገበያ የሚወጣው ገበሬም የላስቲክ ጫማውን የሚመርጠው እንዲሁ ነው። ለዚህ ገዢ የምዝገባ ቅጽ ምንም አይጨምርለትም።

ምዝገባ ትርጉም የሚኖረው በከተማው ወጣቶችና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ነው። ሽልማቶቹም ገበያ በሚደምቅባቸው ጊዜያት፣ በተለይ በአዲስ ዓመትና በጥምቀት ሰሞን ቢወጡ ብዙ ዓይን ያገኛሉ። ሆኖም ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ክፍተት ይፈጥራል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ በዚያ ወቅት አገር አቀፍ ተብሎ በቴሌግራም የወጣ ዕጣ ሁሉ ለብዙው የጎንደር ሰው ዝግ ነበር።

ለሌላ ሰው የሚሰጥ ጫማ

ስጦታው ለገዢው ሳይሆን ለሦስተኛ ሰው የሚሆንበት ዘዴም አለ። ቶምስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲቋቋም አንድ ጥንድ ለገዛ ደንበኛ ሁሉ ሌላ ጥንድ ለችግረኛ ልጅ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በዚህም ስሙ ገነነ። በኋላ ይህን ትቶ ከትርፉ ድርሻ ወደ መስጠት ዞሯል። ኢትዮጵያ ጫማውን ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ነበረች። ምክንያቱ በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር ዕብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በሽታው የአማራ ክልልን ጨምሮ በአገሪቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ወረዳዎች ይገኛል። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ መታጠብ ይከላከለዋል። ይሁን እንጂ ልጅ እግሩ ስለሚያድግ አንድ ጥንድ ለአንድ ዓመት እንኳ ላይበቃው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ጫማ ለማስታወቂያው የሚጠቅመውን ያህል ለልጁ ላይጠቅም ይችላል።

ሐሰተኛ ሽልማቶች

ጫማ ሐሰተኛ ዕጣ የሚያወጡ ሰዎችም የሚወዱት ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲዳስ የምሥረታ በዓሉን አስመልክቶ በሺህ የሚቆጠሩ ጫማዎችን በነጻ ይሰጣል የሚል መልእክት በዋትስአፕ በብዙ አገሮች ተሰራጨ። መልእክቱ የድርጅቱ አልነበረም። የድረ ገጹ አድራሻ ከእውነተኛው ጋር አንድ ይመስል ነበር፤ በቅርብ ሲታይ ግን አንዱ የላቲን ፊደል ነጥቡ ጎድሎት ነበር። ገጹ ጥቂት ቀላል ጥያቄዎች ከጠየቀ በኋላ ለጓደኞች እንዲላክ ያዛል፤ ቀጥሎም አንድ ዶላር ብቻ ያስከፍላል። ያን አንድ ዶላር በባንክ ካርዱ የከፈለ ሰው በየወሩ ወደ 50 ዶላር ለሚቆረጥበት አገልግሎት ሳያውቅ ተመዝግቧል።

በኢትዮጵያ የባንክ ካርድ ለዚህ ዓይነት ክፍያ ብዙም ስለማያገለግል ማታለያው መልኩን ይለውጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሚፈለገው የምስጢር ቁጥሩ፣ ወይም «ለማድረሻ» የሚባል ትንሽ ገንዘብ ነው። ጫማው አዲስ አበባ ነው፣ ጎንደር ድረስ ለማምጣት ክፈሉ ሲባል ለሰሚው እውነት ይመስላል፤ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና። እውነተኛ ዕጣ ግን የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። በአጭር ቁጥር የሚደረግ ምዝገባም ለየደረሰው መልእክት ሒሳብ ሊቆርጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጠው ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» ብሎ በመላክ ነው።

ሕግ

በብዙ አገሮች ሕግ ሎተሪን የሚያሟሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሽልማት፣ ዕድልና ክፍያ። በአሜሪካ የማስተዋወቂያ ዕጣዎች «መግዛት ግዴታ አይደለም» የሚል ጽሑፍ የሚይዙት ሦስተኛውን ለማውጣት ነው። በኢትዮጵያ የማስተዋወቂያ ሎተሪ ፈቃድ የሚሰጠው የብሔራዊ ሎተሪ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ አሳሳች ማስታወቂያ ደግሞ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው።

አድራሻውን የሚመለከተው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መረጃ ሰብሳቢው ለምን እንደሚሰበስብ መንገር አለበት፤ ሰውየውም የሰጠውን ፈቃድ መልሶ መውሰድ ይችላል። ለዕጣ ብሎ የተቀበለውን የስልክ ቁጥር ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ነጋዴ የሚሸጥ የጫማ ሻጭ ከዚህ አዋጅ ጋር ይጋጫል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።