ስለ ባሕር መጨመርና ስለ ሰው ጥርጣሬ

ሰው ከዓይኑ የራቀውን ነገር መጠራጠሩ የተፈጥሮው ነው፤ ይልቁንም ነጋዴ የሆነ ሰው ያላየውንና ያልመዘነውን እንዳይቀበል ሥራው ራሱ ያስተምረዋል። በመርካቶ በበርበሬ በረንዳ የሚገበያይ ሰው ጆንያው ከማረቆ ወይም ከሐላባ መጣ ቢሉት በአፍ ብቻ አያምንም፤ እጁን ወደ ጆንያው ሆድ ይሰድዳል፥ ዛላውን ሰብሮ ድርቀቱን ያያል፥ ሽታውን ያሸታል፥ ኋላም በሚዛን ያስመዝነዋል። ውኃ የነካው በርበሬ ከደረቁ ይልቅ እንደሚከብድ ያውቃልና። (ይህን ተንኰል የማያውቅ ሸማች በአዲስ አበባ መኖሩን እንጠራጠራለን።)

ለእንዲህ ያለ ሰው የዓለም ባሕር እየጨመረ ነው ቢሉት አስቀድሞ የሚመልሰው፥ «ባሕራችን የት አለና?» ብሎ ነው። እርግጥ ነው፤ ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን)። ነገር ግን ከውጭ አገር ወደ መርካቶ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚራገፈው በጂቡቲ ነው፤ ወደብም በባሕሩ ልክ የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ፥ የባሕሩ ልክ ቢለወጥ ኪሣራው እስከ በረንዳው ድረስ መምጣቱ አይቀርም።

ከዚያም በፊት በዚያው በጂቡቲ መንገድ ላይ ውኃ ሲጨምር አገራችን አይታለች። በመተሐራ ከተማ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓመታት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ በ2000ዎቹ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። የከረዩ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት በውኃ ተዋጠ። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድና የመኪናው ጐዳና በውኃው ስለ ተደፈሩ፥ በአፈርና በድንጋይ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ውኃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይበጅም።

በዚህ ሐይቅ ዘንድ የተነሣው ክርክር ለተመልካች ብዙ ያስተምራል። ውኃው ጨመረ ወይስ አልጨመረም ብሎ የተከራከረ ማንም የለም፤ ሐዲዱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሁሉ አይቶታልና። ክርክሩ ስለ ምክንያቱ ነው። አንዳንዱ ከአዋሽ ተጠልፎ የሸንኮራ አገዳውንና ሌላውን እርሻ የሚያጠጣው ውኃ በመሬት ውስጥ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይገባል ይላል፤ ሌላው የፈንታሌ ተራራ ጐረቤት የሆነው ምድር በውስጡ እየተንቀሳቀሰ የፍል ውኃውን ምንጭ አበርትቶታል ይላል። ከሁለቱ ለአንደኛው ብቻ መፍረድ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ መርማሪዎች ግን ለመስኖው ውኃ ትልቅ ድርሻ ይሰጡታል። ደግሞም በሰቃ ሲሰፋ በዚያው በስምጥ ሸለቆ ያለው የአብያታ ሐይቅ ሸሽቷል። ስለዚህ አንዱን ሐይቅ አይቶ ስለ ዓለም ውኃ ሁሉ መፍረድ አይቻልም።

እንግዲህ ጨመረ ወይ ማለትና ስለ ምን ጨመረ ማለት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ባሕር በሚደረገው ክርክር ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ምክንያቱን ያልወደደ ሰው ጭማሪውን ራሱን ይክዳል። ባሕሩ የሚጨምረው በዓመት በሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ክሕደቱ አያስቸግርም፤ እንደ በሰቃ ሐዲድ በአንድ ትውልድ አያሰጥምምና።

ልኩ ግን ተይዟል። በየወደቡ የተተከሉ መለኪያዎች ከጥንት ጀምሮ የውኃውን ከፍታ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ከ1993 ወዲህ ደግሞ ሳተላይቶች ከሰማይ ይለኩታል። በ1988 የተቋቋመው በይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በ2021 ባወጣው ዘገባ፥ ከ1901 እስከ 2018 ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ማለት አንድ ስንዝር ገደማ፥ ጨምሯል ይላል። እስከ 1971 ድረስ ጭማሪው በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ ከ2006 እስከ 2018 ግን 3.7 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ከተጠራጣሪዎቹ ቃል ውስጥ መልስ የሚገባው አለ። «በብርጭቆ ውስጥ የተንሳፈፈ በረዶ ቢቀልጥ ውኃው ከፍ አይልም» ይላሉ፤ ልክ ነው፥ ተንሳፍፎ ላለው በረዶ። የግሪንላንድና የአንታርክቲካ ግግር በረዶ ግን አብዛኛው በምድር ላይ የተቀመጠ ነውና ቀልጦ ሲወርድ ከውጭ ወደ ብርጭቆው እንደሚጨመር ውኃ ነው። ደግሞም ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ እስከ አፉ የሞላ ድስት እሳት ላይ ቢጣድ ሳይፈላ መፍሰስ እንደሚጀምር ማናቸዋም ባለ ጓዳ ታውቃለች። ከ1971 እስከ 2018 ለታየው ጭማሪ ግማሹ ምክንያት ይኸው የውኃው መሞቅ ነው።

«ምናልባት የሚሰምጠው ምድሩ ይሆናል» የሚለው ደግሞ በእኛ አገር ሊናቅ የማይገባው ጥርጣሬ ነው። በ2005 በአፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር ተሰንጥቆ ስለ ታየ፥ መሬት ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ እናውቃለን። አንድ ወደብ ላይ የተተከለ መለኪያ በዚህ ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ነው ከብዙ ወደብ የተሰበሰበው ቍጥር ከሳተላይቱ ጋር የሚተያየው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ግን «ባሕር ድሮም ከፍና ዝቅ ይል ነበር» የሚለው ነው። ለዚህ ምስክሩ ከእኛው ዘንድ ነው። ከባሕር ልክ በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የዳሎል በረሓ በአንድ ወቅት ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበርና፥ አሞሌ ሆኖ ለአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለው ጨው የዚያ ባሕር ትራፊ ነው፤ በዳርቻውም የዛጐል ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ባሕር ከአሁኑ ከ5 እስከ 10 ሜትር ይበልጥ ነበረ። ይህን ግን በባሕር አለመሥጋት ብሎ መተርጐም እንግዳ ነገር ነው። ያን ጊዜ በዳርቻው ላይ ወደብም መጋዘንም አልነበረም፤ የአሁኑም ፍጥነት ቢያንስ ባለፉት 3000 ዓመታት በማናቸውም መቶ ዓመት ከታየው ይበልጣል።

ክርክር የሚገባው ሌላ ስፍራ ነው። ያው ጉባኤ እስከ 2100 ድረስ ባሕር ምን ያህል እንደሚጨምር ሲገምት፥ የዓለም የጢስ ልክ እጅግ ቢቀነስ ከ0.28 ሜትር ጀምሮ፥ ሳይቀነስ ቢቀር እስከ 1.01 ሜትር ድረስ ይላል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንዱ ክፍል መንግሥታት በሚያደርጉት የሚወሰን ነው፤ ሌላው የአንታርክቲካ በረዶ ምን ያህል ቶሎ ይናዳል በሚለው ነገር ነው፤ በዚህ ሊቃውንቱ ራሳቸው ገና አልተስማሙም።